የጓሳው ጥበቃና የተማሪ ትጋት

በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ሁሉ አንድ ጥያቄ በልቡ ይመላለስበታል። «ጥቂቶች ብቻ ለሚያልፉት ፈተና ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል?» ይላል። እኔም ብዬዋለሁ።

ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መጀመሪያ በተሰጠው በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ የሚሆኑት ተፈታኞች ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ ቢልም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከ10 ተፈታኞች 9ኙ አላለፉም።

ታላቅ እኅቴ ካላለፉት አንዷ ናት። ውጤቱ በተሰማ ማግስት ጎረቤት ሁሉ «12 ዓመት በከንቱ!» አላት። እኔ ግን አንድ ቀን ምን እንደ ጎደላት ጠየቅኋት። «ልቤ ሲነሣሣ ብቻ ነበር የማነበው፤ መስከረም ላይ ሌሊቱን አነጋሁ፥ ጥቅምት ላይ ደብተሬን ሳልገልጥ ሳምንቱ አለፈ፥ ግንቦት ሲመጣ ፍርሃት አስነሣኝና ሁሉን ባንድ ጊዜ ልጨርስ አልሁ» አለችኝ።

ከዚህ ንግግርዋ አንድ ነገር ተማርሁ። ብዙዎቻችን ትጋት ማለት የልብ መሞቅ ይመስለናል። ልብ ግን ዛሬ ሞቆ ነገ ይበርዳል። ስለዚህ ትጋትን የሚያቆየው ስሜት ሳይሆን ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ በመንዝ ምድር የጓሳ ሜዳ አለልን።

አባቶቻችን ቀሮ በሚባለው ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለሦስት፥ ለአራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ይከልሉት ነበር። ቤት የሚከደነው፥ ገመድ የሚገመደው፥ ገሳ የሚሠራው ከዚሁ ሣር ስለ ሆነ ሁሉም ይፈልገዋል። ነገር ግን ጊዜው ሳይደርስ የሚያጭድ ወይም ከብት የሚያሰማራ ይቀጣ ነበር። ጥበቃው በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ አልተጣለም፤ ሁሉም ተስማምቶበት፥ ሁሉም እርስ በርሱ ይጠባበቅበት ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ የቀድሞው ሥርዓት ሲፈርስ ጥበቃው ላልቶ ሣሩ ተጎዳ፤ ኋላም ሕዝቡ ተመካክሮ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። እንግዲህ የላላ ሥርዓት ዳግመኛ ሊጠብቅ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

እኛም አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሦስት ተማሪዎች ከኅዳር ጀምሮ ይህንኑ ሞከርን። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ ከለልን። ስልካችንን ለቤቱ እመቤት እናስረክባለን፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ እናነባለን። በመጨረሻም እያንዳንዱ ያነበበውን መጽሐፉን ዘግቶ ለሁለቱ ያስረዳል። ሰዓቱን የጣሰ በማግስቱ የሦስቱንም ውኃ ይቀዳል። በጥር ውርጭ ባናዬን ተከናንቤ የተኛሁና መጀመሪያ ውኃ የቀዳሁ እኔው ራሴ ነኝ! ጀሪካኑን ተሸክሜ ስመለስ ግን አልተቆጡኝም፤ ማታውን እንደ ወትሮው ቦታዬን ለቀቁልኝ። ከዚያ ወዲህ ማንበብ በማልፈልግበት ማታም እንኳ መቀመጥ ለመድሁ፤ ከተቀመጥሁ በኋላ ንባቡ ራሱ ይስበኛል።

ሆኖም የወደቀውን ሁሉ ሰነፍ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ትጉህ ልጅ ጠፋ ብሎ ማን ያምናል? መጽሐፍ የጎደለበት፥ መምህር ያነሰበት፥ ጸጥታው የታወከበት ቦታ አለ። የተማሪ ትጋት ይህን ሁሉ አይተካም። ቢሆንም ያ እስኪቃና ድረስ በእጃችን ያለው የምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምለምነው የሙከራ ፈተናችንን ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ስሕተቱን አመልክታችሁ ቶሎ እንድትመልሱልን ነው፤ ያልታየ ስሕተት ተደጋግሞ ይሠራልና። ወላጆቻችንን ደግሞ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ቅዳሜ ለስንቅ ስንመጣ ሥራ አንሸሽም፤ በጉንም እንጠብቃለን፥ ኩበቱንም እንለቅማለን፤ ማታ ግን ጥቂት ሰዓት ከልሉልን። ሁለተኛም፥ የወደቀውን ልጅ «በከንቱ» አትበሉት። ያ ቃል ከውጤቱ ይልቅ ልብ ይሰብራል፤ ልቡ የተሰበረም ደግሞ ለመቀመጥ አይደፍርም።

እኅቴ ዘንድሮ በግል ለመፈተን ተመዝግባለች። ቅዳሜ ማታ በጎቹ ከገቡ በኋላ ከእኔ ጋር በአንድ ባትሪ ታነባለች፤ የምታነበውንም መጽሐፍዋን ዘግታ ታስረዳኛለች። ታልፍ እንደ ሆነ አላውቅም፤ እኔም አልፍ እንደ ሆነ አላውቅም። ሰዓቱን ግን እስካሁን አልጣሰችም። እናንተም የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ ልባችሁ እስኪነሣሣ አትጠብቁ፤ ሁለት ጓደኛ ፈልጉና ዛሬውኑ ሰዓታችሁን ከልሉ።