ከእትም እስከ እትም ምን ሠራን?

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ በኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ የለጠፍነውን ማስታወቂያ የምታስታውሱ አትጠፉም። «አዲሱ ኡቡንቱ ወጣ! ኑና እዩ!» ይል ነበር። ሰው መጣ፤ ወንበር ጠፋ፤ ከ12ቱ ኮምፒውተሮች በ8ቱ ላይ ጫንን፤ ተጨበጨበ። ሰኔ ሲደርስ ግን ከስምንቱ ስድስቱ ወደ ቀድሞው ተመልሰው ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው? አንዱን ማተሚያው እምቢ አለው። አንዷ አማርኛ መጻፊያውን ከየት እንደምታወጣ አጣች። ሌላው የመምህሩን ፋይል ሲከፍት ሰንጠረዡ ተዘበራርቆ አገኘው። ሦስቱም በአንድ ቀን የሚፈቱ ነገሮች ነበሩ። የሚጠየቅ ሰው ሲፈለግ ግን እኛ የለንም። እኛማ ጥቅምትንና ቀጣዩን እትም እየጠበቅን ነበር!

ለማያውቁት ለማስረዳት ያህል፣ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚባለው የተሠራበት ኮድ ለሁሉም የተከፈተ፣ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያባዛውና ሊያርመው የተፈቀደለት ነው። ኡቡንቱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየስድስት ወሩ፣ በፈረንጆች ኤፕሪልና ኦክቶበር፣ አዲስ እትም ያወጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. ከኦፕን ኦፊስ ተለይቶ የወጣው የጽሕፈት ሶፍትዌር ሊብሬ ኦፊስም እንዲሁ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደሳል። እንግዲህ ወሬው በዓመት ሁለት ሰሞን ነው፤ ሰልጣኙ ግን የትምህርት ዕቅድ የሚጽፈው በየሳምንቱ ነው።

ነገሩ ከእንጦጦ ችግኝ ጋር ይመሳሰላል። በክረምት ዶማና አካፋ ይዘን ዳገቱን እንወጣለን፤ ተክለን፣ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። የካቲት ላይ ፀሐይ ሲበረታ ውሃ ተሸክሞ የሚወጣው ስንቱ ነው? ችግኝ በተተከለ ዕለት አይደርቅም። ስለዚህ ሶፍትዌርን የማስተዋወቁ ዋና ሥራ በሁለት እትሞች መካከል ባሉት ጸጥ ያሉ ወራት ነው የሚል እምነት አለን።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤት የሚፈልገው አዲስ ነገር ሳይሆን የማይለዋወጥ ነገር ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ኡቡንቱ 24.04 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ጥገና ይደረግለታል። ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የምናገኘው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን ለመጫን የተቀመጠውን መስፈርት አያሟሉም። ታዲያ ይጣሉ? ወይስ በየሱቁ በፍላሽ የሚዞረውን የተሰበረ ቅጂ ከነቫይረሱ እንጫንባቸው?

ሁለተኛ፣ የአማርኛው ጉዳይ አለ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዊንዶውስም ላይ ሊኑክስም ላይ ይነበባል። «አማርኛው ይበላሻል» የሚለው ፍርሃት የድሮዎቹ ፊደሎች ያወረሱን ነው። የቀረው በየማዘዣው ላይ ያሉትን ቃላት ተማሪ እንዲገባው አድርጎ መተርጎም ነው። ይህ ደግሞ አንድ እትም ሊወጣ ሲቃረብ ቃላቱ እንዳይለወጡ ይዘጋሉና፣ በመውጫው ዕለት ለመተርጎም መነሳት ባቡሩ ካለፈ በኋላ ጣቢያ መድረስ ነው።

ሦስተኛ፣ ዛሬ ያየነውን ስህተት ዛሬ ለሠሪዎቹ ብናሳውቅ፣ በእትሞች መካከል በሚወጡት ትንንሽ ማረሚያዎች የመስተካከል ዕድል አለው። ዝም ካልን ግን ማን ያውቅልናል?

«ያለ አዲስ ነገር ማን ይመጣል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ልክ ናቸው፤ ግርግሩ ሰው ይጠራል። ነገር ግን የመጣውን አያቆይም። መምህራኖቻችንም «የላካችሁልን ፋይል ቅርጹ ጠፋብን» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ይህን መደበቅ አይገባንም። በአንዱ ሶፍትዌር የተሠራ ሰንጠረዥ በሌላው ሲከፈት አንዳንዴ ይዛባል። ይህን አስቀድመን ብንናገር ኖሮ የተመለሱት ስድስት ባልሆኑ ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1. በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እትም ወጣም አልወጣም፣ ከመካከላችን ሁለት ሰው በኮምፒውተር ክፍሉ ለአንድ ሰዓት ይቀመጥ።

2. ከዚህ ጋዜጣ አጠገብ ባዶ ወረቀት ይለጠፍ። የተቸገረ ችግሩን ይጻፍበት፤ መፍትሔ ያገኘም ከሥሩ መልሱን ይጻፍ። ስም አያስፈልግም።

3. በሳምንት አሥር ቃል እንተርጉም። የአማርኛ መምህራኖቻችን ቢያርሙልን ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

4. ተነብቦ ብቻ የሚታለፍ ጽሑፍ በፒዲኤፍ ይላክ፤ የሚታረመው ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ባገኘው ኦዲኤፍ ቢሆን መምህራን ይቀበሉን።

ይህ ሁሉ ጭብጨባ የለውም፤ እናውቃለን። ነገ ግን በየካ ዳገት ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ አርባና ሃምሳ ልጅ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተር ከቦ «ቲቸር፣ እምቢ አለ!» ሲለን፣ ማስታወቂያ አውጥተን አናመልጥም። ያኔ የሚያስፈልገንን ትዕግሥት የምንለማመደው አሁን ነው።

የሚቀጥለው እትም ሲወጣ በበሩ ላይ ማስታወቂያ እንለጥፋለን፤ አንተውም። ነገር ግን «አዲሱ ወጣ» ከሚለው በላይ፣ ከስምንቱ ኮምፒውተሮች ስንቱ ዛሬም እንደሚሠራበት ቁጥሩን እንጽፋለን። ዛሬ ቁጥሩ ሁለት ነው።