አንድ ሺህ ብር ለሐዘን

በአሜሪካ አገር ነጋዴ ሕግ ሲፈልግ ማስታወቂያ ይገዛል። በ2003 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ሕዝብ ለአንድ ጥያቄ ድምፅ ሰጠ፤ ይኸውም በሐኪም ስሕተት የተጎዳ ሰው ለሥቃዩና ለሐዘኑ የሚያገኘውን ካሣ ምክር ቤቱ በጣሪያ ይወስን ወይስ አይወስን የሚል ነበር። በአንድ ወገን ሐኪሞች፣ ሆስፒታሎችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ በሌላው ወገን ጠበቆች ተሰልፈው ሚሊዮን ዶላሮች ፈሰሱ። ጣሪያ ፈላጊዎቹ በጠባብ ልዩነት ረቱ፤ በሐኪም ላይ የሚፈረደው የሥቃይ ካሣም ከ250,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተደረገ።

ከዚያ በፊትም፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በማክዶናልድ ቡና የተቃጠሉ አንዲት አሮጊት ሚሊዮኖች ተፈረደላቸው ተብሎ ዓለም ሁሉ ሥቆ ነበር። ሴትዮዋ አስቀድመው የጠየቁት 20,000 ዶላር ብቻ እንደ ነበረ፣ ኩባንያው 800 ዶላር እንዳቀረበላቸው፣ ቆዳቸውም ተቆርጦ እንደ ተለጠፈ፣ ዳኛውም የቅጣት ካሣውን ወደ 480,000 ዶላር እንዳወረደው ግን ከሣቂዎቹ ስንቱ ሰማ? ይህችን ወሬ ነው ካሣ እንዲቀነስ የሚፈልጉት ሁሉ ለዓመታት ሲመነዝሯት የኖሩት።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ልንገረም እንችላለን፤ ነገር ግን የእኛ ባለ ንብረቶች ጣሪያቸውን ያገኙት ሳንቲም ሳያወጡ ነው። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈል ካሣ በምንም ዓይነት ከአንድ ሺህ ብር ሊበልጥ አይችልም ይላል። በዚያ ዘመን ሺህ ብር አራት መቶ ዶላር ገደማ ነበረ። ዛሬ ዐሥር ዶላር አይሞላም።

ነገሩን ወደ ሉማሜ እናምጣው። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል። በገበያ ቀን አህያው፣ በጉ፣ እህል የተሸከመው ገበሬና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን ከከባድ መኪናው ጋር አንድ መንገድ ይሻማሉ። መኪና ሰው ቢገድል ሕጉ ባለ መኪናውን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ይህ መልካም ነው። ለቁሳዊ ጉዳትም ጣሪያ የለውም። ደመወዝተኛ ቢሞት የሚጦራቸው ሰዎች ደመወዙን ቆጥረው ይጠይቃሉ። ነገር ግን የሰባት ዓመት ሕፃን ቢሞት እናቱ ምን ቆጥራ ትጠይቅ? ሕፃኑ ደመወዝ የለውም፤ የሚጦረውም ሰው የለም። የሚቀርላት ሐዘኗ ነው፤ ሐዘኗም ሺህ ብር ተተምኗል።

የመድኑ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት የወሰነው ከፍተኛ ክፍያ 40,000 ብር ሲሆን ለንብረት ጉዳት ግን 100,000 ብር ነበረ። ቆርቆሮ ከሰው መብለጡን በነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ እንዴት ያለ ነገር ነው!

ጣሪያው ይነሣ ስንል ባለ መኪናዎች የሚመልሱትን እናውቃለን፤ አረቦኑ ይጨምራል፣ ኪራዩም ይወደዳል፣ ዞሮ ዞሮ ከፋዩ ያው ገበሬ ነው ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ቢሆንም አሁንስ የሚከፍለው ማን ነው? ያው ገበሬ ነው፤ እሱም በልጁ። ወጪው በተሳፋሪውና በጫኙ ሁሉ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ቢከፋፈል በአንዲት እናት ላይ ብቻ ከሚወድቅ ይሻላል እንላለን። ደግሞም የአገራችን ሽማግሌዎች በደም ዕርቅ ሲቀመጡ የሟችን ቤት አይተው፣ የገዳይን አቅም መዝነው ይፈርዳሉ እንጂ ከአያታቸው ዘመን በተረፈ ቁጥር አይታሰሩም። የተማረው ዳኛ ይህን ሥልጣን ለምን ይነፈጋል?

ለንግዱ ምክር ቤት አለው፤ ለመድን ኩባንያዎችም ማኅበር አላቸው። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. ከስድሳ ዓመት በኋላ ታድሷል። በመንገድ ዳር ልጃቸው የሞተባቸው ግን ማኅበር የላቸውም፣ ማስታወቂያም አይገዙም፤ ቁጥር 2116ም የሚነካው አጥቶ ተቀምጧል።

ስለዚህ የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ቁጥሩ እንዲሻሻል፣ ልኩም እንደ ገበያው ዋጋ በየጊዜው እንዲታይ የሚጠይቅ አጭር ማመልከቻ አርቅቁልን። ፊርማውን ከሉማሜ፣ ከደጀንና ከደብረ ማርቆስ እኛ እንሰበስባለን፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም እናቀርበዋለን። መምህራኖቻችንም ረቂቁን ቢያርሙልን ደስ ይለናል።