ጭንቅላቱ የተሸፈነው ሰው ማን ነበር?

ስለ አክሽን ፊልም ክርክር ሲነሳ ሁለት ጎራ አይጠፋም። አንዱ «ወጣቱን ደም እያስለመደ ያበላሻል» ይላል፤ ሌላው «ፊልም ፊልም ነው፣ አይቶ መዝናናት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኛ ከሁለቱም አንስማማም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በፊልሙ ውስጥ የሞተ ሰው ከሞተ በኋላ ይታወሳል? ወይስ ሬሳው ከካሜራው ሲወጣ ነገሩም ያልቃል?

ለዚህ ጥያቄ የቦርን ፊልሞችን የሚያህል ምሳሌ አላገኘንም። መነሻቸው አሜሪካዊው ሮበርት ለድለም እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ቦርን እውነተኛ ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ «ቀበሮው» የሚባለውን ካርሎስን ከጎሬው ለማውጣት የተዘጋጀ ማጥመጃ ነው። ካርሎስ እንኳ የደራሲ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 እዚሁ ጎረቤታችን ካርቱም ተይዞ ለፈረንሳይ ተሰጥቷል።

ዳግ ላይመን እ.ኤ.አ. በ2002 ማት ዴመንን ይዞ ፊልሙን ሲሠራ ግን ካርሎስን አወጣው። እዚህ ቦርን የእውነት ገዳይ ነው፤ ላኪውም የገዛ መንግሥቱ። በዚህ አንድ ለውጥ ታሪኩ ተገለበጠ። የመጽሐፉ ቦርን ማንነቱን ሲያገኝ ከገዳይነት ስሙ ይነጻል፤ የፊልሙ ቦርን ባስታወሰ ቁጥር ዕዳው ይበዛል።

ጭካኔው አይካድም። ሰውዬው በመጀመሪያው ፊልም ከእስክሪብቶ፣ በሁለተኛው ከተጠቀለለ መጽሔት፣ በሦስተኛው ከመጽሐፍ ጋር ይደባደባል። (የእኛ የሙያ ዕቃዎች ለካ ለዚህም ይሆናሉ!) ነገር ግን ፖል ግሪንግራስ እ.ኤ.አ. በ2004 ያዘጋጀውን ሁለተኛውን ፊልም አስታውሱ። ቦርን ቆስሎ፣ እየተጎተተ ሞስኮ ይደርስና በርሊን ውስጥ ወላጆቿን የገደለባትን ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ እውነቱን ይነግራታል። ልጅቷ እስከዚያ ቀን እናቷ አባቷን ገድላ ራሷን ያጠፋች ይመስላት ነበር። ለገደለው ሰው ልጅ ይቅርታ የሚጠይቅ የአክሽን ጀግና ስንት አይታችኋል?

በሦስተኛው ፊልም (እ.ኤ.አ. 2007) ሳይመን ሮስ የሚባል የጋርዲያን ጋዜጠኛ ገጸ ባሕርይ አለ። በስልክ አንዲት ምስጢራዊ ቃል ስላነሳ ብቻ ክትትል ይጀመርበትና ለንደን፣ ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ተመትቶ ይወድቃል። ጋዜጠኝነት ተምረን ለወጣን ሰዎች ይህ ከመኪና ግጭቱ ሁሉ ያስፈራል። ኤድዋርድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካን የስለላ መረብ ሲያጋልጥ ደግሞ የስልክ ክትትሉ የፊልም ቅዠት ብቻ እንዳልነበረ ታየ።

በዚሁ ፊልም መጨረሻ ቦርን ሁሉን ነገር ያስታውሳል። በፈቃዱ የገባበት ሥልጠና ላይ ጭንቅላቱ የተሸፈነ ሰው አምጥተው «ግደል» አሉት። ማን ነው? ምን አደረገ? ብሎ ጠየቀ። መልስ አልሰጡትም። በመጨረሻ ተኮሰ። ለእኛ የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። ቦርን ገዳይ የሆነው መተኮስ ሲለምድ ሳይሆን ጥያቄውን የተወ ዕለት ነው።

ስለዚህ «አትዩ» አንልም፤ እዩ። ግን ተኩሱ ሲቆም ማን ሞተ? ምን አድርጎ? ማን አዘዘ? በሉ። ለዚህ ጥያቄ ቦታ የሌለው ፊልም ጊዜያችሁን በልቷል። ጥያቄው ደግሞ ለፊልም ብቻ አይደለም፤ የሰው ሞት ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ በዜና ሲነገረንም ይሠራል።