ለጢሱ መውጫ እናብጅለት

የጤና ዓምድ

ባለፈው ሳምንት የምንጠጣውን ውኃ እንዴት እንደምናጣራ አንብበናል። ዛሬ ስለምንተነፍሰው አየር እናነባለን።

እስቲ ቀና በሉና ጣራችሁን ተመልከቱ። ማገሩ ጠቁሯል። ጥላሸት ተንጠልጥሏል። ይህ ጥላሸት ከየት መጣ? ከምድጃው ነው። ጢሱ ወደ ጣራው ሲወጣ በቤት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስቦታል። ጣራ በመጥረጊያ ይጠረጋል። ሳንባ ግን አይጠረግም።

አገራችን ደጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ጮቄ ሲወጣ ደግሞ ብርዱ ይብሳል። ስለዚህ ቤታችንን አጥብቀን እንመርጋለን። መስኮቱን እናጠባለን፤ ወይም ጭራሹን አናወጣለትም። ብርዱ አይገባም። ጢሱም አይወጣም።

ጢስ ምን ያደርጋል?

በጢስ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ አለ። ከራስ ፀጉር 30 ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው። በአፍንጫ ይገባል፤ እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይወርዳል። ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። በትልልቅ ሰዎች ላይ የማይለቅ ሳል፥ የትንፋሽ ማጠር፥ የልብ በሽታና የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የዓይን ሞራም ከጢስ ጋር ይያያዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፥ አየር በደንብ በማይዘዋወርበት ቤት ብናኙ ከሚፈቀደው መጠን 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ድርጅቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 (በእኛ በ2012 ዓ.ም.) በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞቱትን ሰዎች ገምቷል። በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

ከቤተሰቡ ማን ይበልጥ ይጎዳል? እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሏል። ሴት ልጅዋ አጠገቧ ሆና ማገዶ ታቀብላለች። አረቄ የምታወጣ እናት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእሳቱ አትለይም። አባወራው በዚያን ጊዜ እርሻ ላይ ነው። ጢሱን አብዝቶ የሚስበው እሱ አይደለም። ግድግዳ በስቶ መስኮት የሚያወጣው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አባወራውም ያንብበው።

አየር የሚያጣራ መሣሪያ አለ ይባላል፤ እውነት ነውን?

አዎን፥ አለ። በሌላው ዓለም በብዙ ቤቶች፥ በእኛም አገር በአንዳንድ ከተማ ቤቶች ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። በውስጡ አየር የሚስብ ማራገቢያ አለ። አየሩ ጥቅጥቅ ባለ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። ማጣሪያው ብናኙን ይይዛል፤ አየሩን ይለቃል። ጠላ በማጥለያ ሲጠለል አተላው እንደሚቀር ማለት ነው።

ነገር ግን መሣሪያው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ማጣሪያው በየጊዜው በአዲስ ይለወጣል፤ ያውም በገንዘብ ነው። ጉልቻ በሚጤስበት ቤት ቢቀመጥ ቶሎ በጥላሸት ይደፈናል። ደግሞም የብናኝ ማጣሪያ ከከሰል የሚወጣውን መርዝ አይዝም። ስለዚህ ለእኛ ቤት የሚበጀው ጢሱ ከማጣራት በፊት እንዲያንስና እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ምድጃ መለወጥ ብቻ ይበቃልን?

ምርት የሚባለውን ምድጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በአገራችን የተሠራው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነው። በሲሚንቶ የሚሠራ ሲሆን ስድስት ቁራጭ አለው። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ይሸከማሉ። ሁለቱ ከኋላ ሆነው ድስት ይሸከማሉ። እሳቱ ስለተከለለ ሙቀቱ አይባክንም። ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል።

በምዕራብ ጎጃም በሜጫ ተመራማሪዎች ይህን ዓይነት የእንጀራ ምድጃ ለብዙ ቤቶች ሰጡ። ከ5,000 በላይ ሕፃናትን ተከታተሉ። ውጤቱ በ2013 ዓ.ም. ታተመ። በተሻሻለው ምድጃ ጢሱ ቀነሰ። የሕፃናቱ የሳንባ በሽታ ግን በግልጽ አልቀነሰም። የቀረው ጢስ አሁንም ብዙ ነበር። አባቶች «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይሉ የለ?

አሁን ደግሞ ራቅ ወዳለ አገር እንሂድ። ጓቴማላ በመካከለኛው አሜሪካ ያለች አገር ናት። የደጋዎቿ ሴቶች እንደኛ በሦስት ጉልቻ ያበስላሉ፤ የበቆሎ ቂጣም ይጋግራሉ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎች በዚያ 534 ቤቶችን አጠኑ። ለግማሾቹ የጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሠሩላቸው። ሕፃናቱ የሚስቡት ጢስ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የሳንባ ምች በጠቅላላው እምብዛም ባይቀንስም፥ ለሕይወት የሚያሰጋው ከባዱ ምች በሲሶ ያህል ቀነሰ።

ከሁለቱ ምን እንማራለን? ጥሩ ምድጃ ያስፈልጋል። ጢሱም ከቤት መውጣት አለበት። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

ምን እናድርግ?

1. ከተቻለ ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤት ለዩ። ትንሽ ዳስም ብትሆን ትረዳለች።

2. መስኮት አውጡ። ጢስ ትኩስ ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አንዱን ቀዳዳ ከግድግዳው ላይኛ ክፍል፥ ከምድጃው በላይ አድርጉት። በሩ ከወዲያ ማዶ ክፍት ይሁን። አየር በአንዱ ሲገባ ጢሱ በሌላው ይወጣል።

3. ማድ ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ከሆነ የጢስ ማውጫ ቱቦ አቁሙ። ሣር ክዳን ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የጋለ ቱቦ ሣር ያቀጣጥላል። ለሣር ቤት መስኮቱ ይሻላል።

4. ደረቅ እንጨት አንድዱ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሚሞቅ ይልቅ ይጤሳል። በበጋ ፍለጡት፤ ክረምት ሳይገባ ከክፈፉ ሥር ደርድሩት። ኩበቱንም ዝናብ አይንካው።

5. እሳት ሲነድ ሕፃኑን ከማድ ቤት አውጡት። አያቱ ወይም ታላቁ ልጅ ይያዘው።

6. መብራት የገባላችሁ፥ አቅሙ ካላችሁ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሩ።

«ቤቱ ይበርደናል» የሚል አይጠፋም። መስኮቱ የሚከፈተው እሳት ሲነድ ነው። ያን ጊዜ ራሱ እሳቱ ያሞቃል። ፍሙ ፈጽሞ ሲጠፋ ይዘጋል። «ጢሱ እኮ ምስጡን ከጣራው ያባርርልናል» የሚልም አለ። ጣራ ማጠን ካስፈለገ ሰውም ከብትም ወጥቶ ይታጠን። ለጣራው ሲባል ልጅ አይታጠንም።

ከሰል ይዛችሁ አትተኙ

የእንጨት ጢስ ዓይን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሰው ይሸሸዋል። የከሰል መርዝ ግን አይታይም፤ አይሸትም። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። በተዘጋ ቤት የተኛን ሰው እንደተኛ ይገድላል። ብዙ ሰው «ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ቀይ ከሆነ አይጎዳም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ፍሙ ቀይ ሆኖ ጢስ ባይኖረውም መርዙ ይወጣል።

ስለዚህ በከሰል እሳት የሚሞቅ ሰው በር ወይም መስኮት ይክፈት። ከመተኛቱ በፊት ማንደጃውን ወደ ደጅ ያውጣ። ራስ ከፈለጠ፥ ካዞረና ካቅለሸለሸ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው። የደከመውን ሰው ተሸክማችሁ አውጡት፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ሕፃኑ ቢያስለውስ?

ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን ተመልከቱ። ትንፋሹ ከወትሮው ከፈጠነ፥ ወይም ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ገበያ እስኪፈታ፥ ሰንበትም እስኪያልፍ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒት አለው። ያልዘገየ ልጅ ይድናል።

ከቤተሰብ ጋር ተወያዩ

1. በቤታችን እሳት ሲነድ ጢሱ በየት በኩል ይወጣል?
2. በዚያን ጊዜ አጠገቡ የሚቀመጠው ማን ነው?
3. መስኮት ለማውጣት ምን ምን ያስፈልገናል? መቼ እንጀምር?

የቃላት ፍች

ጥላሸት — ጢስ ጣራና ግድግዳ ላይ የሚተወው ጥቁር ነገር።
ብናኝ — በጣም የደቀቀ፥ በአየር የሚንሳፈፍ ነገር።
የሳንባ ምች — ሳንባን የሚያቆስል፥ ትንፋሽ የሚያስቸግር በሽታ።