ስልክዎ ሲጠራ የሚጠይቅዎት ማን ነው?

ውድ የአዳማ፣ የሞጆ፣ የወንጂ፣ የመቂ፣ የባቱ፣ የአርሲ ነገሌና የሻሸመኔ መራጮች፤

የምርጫ ሰሞን በደረሰ ቁጥር በየሻይ ቤቱ፣ በባጃጅ ውስጥና በየለቅሶው ድንኳን አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ዘንድሮ ሕዝቡ ወደ ማን ያዘነብላል?» የሚል ነው። ገዥው ፓርቲ ለሰልፍ የወጣውን ሰው እያሳየ «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» ይላል። እኛም ተቃዋሚዎች ብንሆን አዳራሽ የሞላልን ዕለት ይህንኑ ከማለት ወደኋላ አላልንም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ሁለታችንም ሕዝቡን በወጉ አልጠየቅነውም።

በሌሎች አገሮች ሕዝቡ ይጠየቃል። በዕጣ ለተመረጡ ሰዎች ስልክ ይደወላል፤ ስለ ክልላቸውም ሆነ ስለ ማዕከላዊው መንግሥት ያላቸው አስተያየት ይመዘገባል፤ ውጤቱም ለሁሉም ይታተማል። ዛሬ በከተሞቻችን ስልክ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ፣ ይህ አሠራር ለእኛም የማይቻል አይደለም። ፓርቲያችን እንዲጀመር ይፈልጋል። ነገር ግን በምን ሁኔታ ሊጀመር እንደሚገባው፣ ያለ ጥንቃቄ ቢጀመርም ምን ጉዳት እንደሚያመጣ ለመራጩ በግልጽ ማስረዳት ግዴታችን ነው ብለን እናምናለን።

ሳይጠየቅ የተወሰነለት ሕዝብ

በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ርዕሰ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ። ውሳኔውን በመቃወማቸው በጥር 1996 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታሰሩ። በሰኔ 1997 ዓ.ም. ደግሞ፣ ምርጫው በተካሄደ በሳምንታት ውስጥ፣ ርዕሰ ከተማው ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወሰነ። የአዳማ ሕዝብ መጀመሪያ «እንኳን ደስ አለህ» ተባለ፤ በኋላም ሌላ ውሳኔ ተነገረው። ሲመጣም ሆነ ሲሄድ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላንም በዚሁ መንገድ ሄደ። ተቃውሞው በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ጀምሮ እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ዕቅዱ የተሰረዘው በጥር 2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ብዙ ሕይወት ጠፋ። መንግሥት የሕዝቡን አስተያየት ያወቀው ከመንገድ ላይ በሰማው ጩኸት ነው። በጥያቄ ሊታወቅ ይችል የነበረ ነገር በደም ታወቀ።

የአካባቢ ምርጫ ቢኖር ኖሮ ሕዝቡ ቢያንስ በከተማው ጉዳይ በካርዱ ይናገር ነበር። ይሁን እንጂ የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ። የምርጫ ዘመን ሲዘገይ ሌላ የመደመጫ መንገድ ማጣት ደግሞ ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ከ1997 ዓ.ም. የተማርነው

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ግን ሆድ ያባውን ያወጣው የምርጫ ካርድ ነበር። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ። ውጤቱ ገዥውን ፓርቲ አስደነገጠው፤ ተቃዋሚውንም ቢሆን አስገርሞታል። በመጨረሻ በተገለጸው ውጤት ኢሕአዴግ ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 327ቱን፣ ቅንጅት 109ኙን፣ ኅብረት 52ቱን እንዳገኙ ተነገረ። ውጤቱን ተቃዋሚዎች አልተቀበሉትም። በተከተለው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል።

ነፃ የአስተያየት ጥናት ኖሮ ቢሆን ጥይቱን ያስቆመው ነበር አንልም። ጥይት የሚያስቆመው ሕግን የሚያከብር መንግሥት ነው። ይሁንና ከምርጫው በፊት የታተመ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ጥናት በእጃችን ቢኖር ኖሮ «አሸንፈናል» እና «አላሸነፋችሁም» የሚለው ክርክር ማመሳከሪያ ያገኝ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም አሸነፍን ሲሉ ዜጋው ከገዛ ትዝብቱ በቀር ውጤቱን የሚያስተያይበት ሌላ ሚዛን አልነበረውም።

ጥቂቶች ስለ ብዙዎች የሚናገሩት እንዴት ነው?

አንዳንድ መራጮቻችን «እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ታዲያ ጥናቱ እንዴት የእኔ ይሆናል?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወጥ የሚቀምስ ሰው ድስቱን አይጨርስም፤ አንድ ማንኪያ ይበቃዋል። ነገር ግን መጀመሪያ ያማስለዋል። ሳያማስል ከላይ የጨለፈ ሰው የቀመሰው ዘይቱን ብቻ ነው።

ባልተማሰለ ድስት የተታለለ አንድ ታዋቂ መጽሔት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ላንደን ያሸንፋል አለ። ያሸነፈው ግን ሩዝቬልት ነበር፤ ያውም ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን ያገኘው በአመዛኙ ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለነበር፣ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የሌለው ድሃ ሳይጠየቅ ቀረ። በጣም ያነሱ ሰዎችን በጥንቃቄ መርጦ የጠየቀው ጋሉፕ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። ብዛት ብቻውን እውነት አይሆንም።

ይህ ለእኛም ይሠራል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የዓለም ባንክ የኮሮናን ጉዳት ለማወቅ በኢትዮጵያ በስልክ ጥናት ሲጀምር በመጀመሪያው ዙር 3,249 ቤተሰቦችን አነጋግሯል። ከእነዚህ 2,271ዱ የከተማ፣ 978ቱ ብቻ የገጠር ነበሩ፤ አብዛኛው ሕዝባችን ግን የሚኖረው በገጠር ነው። አጥኚዎቹ ይህን አውቀው በስሌት ለማረም ሞክረዋል። የፖለቲካ ጥናት የሚያካሂድ ወገን ይህን ሳያርም «የኢትዮጵያ ሕዝብ እንዲህ አለ» ቢለን ግን ልናምነው አይገባም።

የአገሩም ቁጥር የከተማችንን ልብ አይነግረንም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአዳማ ነዋሪ 220,212 ነበር፤ የአገሪቱ ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ። በዚህ ድርሻ ቢሰላ፣ በመላ አገሪቱ 2,400 ሰው የሚጠይቅ ጥናት ከአዳማ የሚያገኘው ሰባት ሰው ያህል ነው። 2,400 ሰው ስለ አገር ሲናገር ስሕተቱ ወዲህ ወይም ወዲያ 2 ነጥብ ያህል ነው። ሰባት ሰው ግን ስለ አዳማ ምንም ሊናገር አይችልም። ስለ አዳማ ለማወቅ በአዳማ ብቻ 400 ሰው በዕጣ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜም ስሕተቱ 5 ነጥብ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ስለ ከተማ፣ ስለ ክልልና ስለ አገር የሚደረጉ ጥናቶች ለየብቻቸው ሊካሄዱ ይገባል። በማዕከላዊው መንግሥት የተደሰተ ሰው በከተማው አስተዳደር ሊያዝን፣ ወይም የተገላቢጦሹ ሊሆን ይችላል።

ሌሎች እንቅፋቶችም አሉ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሊካሄድ የታሰበው ቆጠራ ተደጋግሞ በመራዘሙ ሚዛኑ የሚያርፍበት መሠረት አርጅቷል። የመስመር ስልክ በነበረበት ዘመን 022 ሲባል አዳማ፣ 046 ሲባል ሻሸመኔ እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ የሞባይል ቁጥር ግን ባለቤቱ የት እንደሚኖር አይናገርም። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ በኋላ ሁለት ሲም ካርድ የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ዕጣ ሊወጣለት ይችላል። ቀን የተደወለለት የባጃጅ ሾፌር፣ ፈረቃ ላይ ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ ወይም የገበያ ቀን ያልደረሰላት ነጋዴ ስልኩን አያነሡም። አንሥተውም በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠየቁ ለውጥ ያመጣል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚኖሩ ከተሞቻችን የሚጠየቁት በመረጡት ቋንቋ ሊሆን ይገባል።

ፍርሃት የገባበት መልስ

ከሁሉ የሚከብደው ግን ፍርሃት ነው። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ውስጥ ያለፈ ሕዝብ ሲጠየቅ በመጀመሪያ የሚያስበው «ይህን የሚሰማው ማን ነው?» ብሎ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ የአጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ ለሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። በ2006 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ስለ ስልክና ኢንተርኔት ክትትል ሰፊ ሪፖርት አውጥቷል። በ2012 ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ በዚያን ወቅት «አገር አቀፍ የስልክ ጥናት» የሚባል ቢካሄድ ኖሮ የወለጋ ሕዝብ እንደሌለ ይቆጠር ነበር።

አፍሮባሮሜትር በ2005 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ጥናት ሲያካሂድ፣ ያውም በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ኢትዮጵያውያን ለአገራቸው ዴሞክራሲ የሰጡት ነጥብ ከተጠኑት የአፍሪካ አገሮች በከፍተኞቹ ተርታ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ነገሩን ሲመረምሩ «ፍርሃት ነው? አለማወቅ ነው? ወይስ ስለ ዴሞክራሲ ያለን የተለየ ግንዛቤ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ምርጫ እስከ ምርጫ የታዘብነውን ያየ ሰው ከአንገት በላይ የተሰጠ መልስ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ፍርሃት ባለበት የሚካሄድ ጥናት ዘወትር የሚያደላው ሥልጣን ላይ ላለው ወገን ነው።

እኛም ሞክረነው አይተነዋል። አባሎቻችን በአዳማ ከወዳጅ ዘመድ ያሰባሰቡትን የስልክ ቁጥር ይዘው ደወሉ። አንዳንዱ «ቁጥሬን ማን ሰጠህ?» ብሎ ዘጋ። አንዳንዱ «እናንተንም እንመርጣለን፤ ሁሉንም እንመርጣለን» አለ። አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ ድምፄን በስልክ አልሰጥም፤ ለእሱ ሳጥን አለው» አሉን። በዚያ ዝርዝር «እንመርጣችኋለን» ያለን ሰው ብዙ ነበር። አላተምነውም። በራስ ሰርግ ላይ ቆሞ የዘመድን ቁጥር እንደ መቁጠር ነውና። የእኚህ እናት መልስ ግን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ጋር ይስማማል፤ ምርጫ የሚካሄደው በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ ነው። አንቀጽ 26 ደግሞ በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። ጥናት የሚጀመረው ከእነዚህ ሁለት አንቀጾች ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን የሚከተሉትን ቃል ይገባል፤

1. የምርጫ አስተያየት ጥናት የሚያሳትም ማንኛውም ወገን ገንዘቡን የሰጠውን፣ ጥናቱን ያካሄደውን፣ ቀኑን፣ የተጠየቁትን ሰዎች ብዛት፣ የጥያቄዎቹን ቃልና የስሕተቱን መጠን አብሮ እንዲያትም የሚያስገድድ ሕግ እንዲወጣ እናደርጋለን። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ ያለ ሕግ አውጥታለች።

2. የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የቀበሌ ሹምም ሆነ የፓርቲ ካድሬ በጥናት ስም የዜጎችን የፖለቲካ ምርጫ እንዳይጠይቅ እንከለክላለን። ጥናቱ የዩኒቨርሲቲዎችና የነፃ ተቋማት ሥራ ይሆናል።

3. በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 በተግባር እንዲውል እንሠራለን። የመላሹ ስልክ ቁጥር ከመልሱ ተለይቶ ይያዛል፤ ጥናቱ ሲያልቅም ይጠፋል። ቤተሰብና ጎረቤት በሚሰማበት ሰዓት ለሚጠየቅ ሰው፣ በቃል ሳይሆን ቁጥር በመጫን የሚመልስበት መንገድ ይኖራል።

4. የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በምርጫ ሰሞን እንዳይቋረጥ በሕግ እናስከብራለን።

5. እኛ ራሳችን በአባሎቻችን የሰበሰብነውን አስተያየት የሕዝብ ጥናት ብለን አናትምም። ውጤቱ በእኛ ላይ ቢሆንም የነፃ ተቋምን ጥናት አንከለክልም። ይህን ቃል ብናፈርስ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ ጠይቁን።

ውድ መራጭ፤

የአስተያየት ጥናት የምርጫ ካርድን አይተካም። ያሸነፈም ሆነ የተሸነፈ ፓርቲ «ጥናቱ እንዲህ ብሎ ነበር» ብሎ ኮሮጆውን ሊያስለውጥ አይችልም። ጥናቱ የሚረዳን በሁለት ምርጫዎች መካከል ባሉት ረጅም ዓመታት ነው፤ ርዕሰ ከተማ ሲነሣ፣ መሬት ሲወሰድ፣ ግብር ሲጨመር፣ የውሃ ፈረቃ ሲራዘም፣ ገዥዎች «ሕዝቡ ተቀብሎታል» ሊሉን ሲነሡ።

አንድ ቀን ስልክዎ ጠርቶ አስተያየትዎን ቢጠየቁ በቅድሚያ እርስዎ ይጠይቁ። ማን ነዎት? ማን ላከዎት? ገንዘቡን ማን ሰጠ? ቁጥሬ ምን ይሆናል? ውጤቱን የት አነበዋለሁ? የሚያረካ መልስ ካላገኙ ስልኩን ይዝጉ፤ መብትዎ ነው። የሚያረካ መልስ ካገኙ ግን የልብዎን ይናገሩ። ሕዝብ ሳይፈራ የሚናገርባት፣ ተናግሮም የሚቆጠርባት አገር እንድትኖረን የምንታገለው ለዚህ ነው።

ድምፅዎን በሳጥኑ፣ አስተያየትዎን በነፃነት!