ሳላዋን በመስኮት

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ከመካከላችሁ ብሔራዊ ፓርክ የረገጠ ማን አለ? እንጦጦ አይቆጠርም። እኛ አራት ጓደኛሞች እጅ እንድናወጣ ተባብለን አንድም እጅ አልወጣም። የሳላን ቀንድ የምናውቀው ከፖስተር ላይ ነው።

ያፈርነው ግን ወደ ድሬዳዋ በባቡር ስንሄድ ነው። ከፉሪ ለቡ በጠዋት ተነስተን አዳማን አለፍን። መተሐራ አካባቢ ስንደርስ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ መታየት ጀመረ፤ በግራ በኩል ደግሞ ፈንታሌ ተራራ። በ2017 ዓ.ም. መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምንኖረው ሳንቀር በሌሊት የባነንነው በዚህ አካባቢ ምክንያት ነበር። ከዚያ ቢጫ ሣር የለበሰ ሜዳ መጣ። አንዷ ጓደኛችን "ሳላ!" ብላ ጮኸች። ተጋፍተን መስኮቱ ላይ ተለጠፍን። እውነቱን ለመናገር ሳላ ትሁን የሰው ፍየል አልለየንም። ባቡሩ መች ይጠብቃል!

ያለፍነው በአዋሽ ፓርክ በኩል ነው። በ1959 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የጸደቀ፣ ሳላውና አምበራይሌው፣ ፏፏቴው፣ ዘንባባ የከበበው ፍልውሃ በአንድ ግቢ የተሰበሰቡበት ፓርክ። ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ታዲያ ለምን አናውቀውም? መኪና ስለሌለን ነዋ! መግቢያው በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ መካከል አስፋልቱ ዳር ነው። በሚኒባስ ሄዳችሁ በሩ ላይ ብትወርዱ እንኳ ከዚያ ወዲያ ምን ልትሆኑ? አንበሳና ጅብ ባለበት በእግር እንንሸራሸር አይባል። መኪና እንከራይ ካልን የወር ደመወዛችን ያልቃል። ስለዚህ ፓርኩ የፈረንጅና የባለ ላንድክሩዘር ሆኖ ቀረ።

የሚያናድደው ባቡር ለአዋሽ እንግዳ አለመሆኑ ነው። የድሮው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉዞው ቀናት ይፈጅ ስለነበር መንገደኛው አዋሽ ላይ ያድር ነበር። ጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። አያቶቻችን ወርደው ያደሩበትን አገር እኛ በኤሌክትሪክ ባቡር ተፈትልከን እናልፈዋለን።

"ሐዲዱ የተሠራው ለጭነት ነው" የሚሉን አሉ። አዎ፣ የወደብ ጉዳይ የሕልውና ጉዳይ ነው፤ አንከራከርም። ግን ኬንያን እዩ። እነሱም በቻይኖች ያሠሩት የናይሮቢ ሞምባሳ ባቡር የመንገደኛ አገልግሎት የጀመረው በፈረንጆቹ 2017 ነው፤ የእኛ መደበኛ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ በወራት ልዩነት፣ በ2010 ዓ.ም. ነው። የእነሱም ጭነት ያመላልሳል። ሆኖም ጻቮን ሊያይ የሚፈልግ ሰው ቮይ በምትባል ጣቢያ ወርዶ ወደ ፓርኩ ይሄዳል። ዝሆን በሐዲዱ ሥር የሚሻገርበት መተላለፊያ ሳይቀር ሠርተዋል።

እኛ የምንለው ብዙ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ እሁድ ማታ የሚመለስ የደርሶ መልስ ትኬት፣ መተሐራ ጣቢያ ላይ የሚጠብቅ አንድ የፓርኩ አውቶቡስ፣ በተማሪ አቅም የሚከፈል የመግቢያ ዋጋ። አስጎብኚዎቹ ደግሞ የከረዩና የአፋር ልጆች ይሁኑ። ይህ የምንለምነው ውለታ አይደለም፤ ፓርኩ ሲከለል የግጦሽ መሬታቸው የጠበበባቸው እነሱ ናቸው፤ ዛሬም ከብታቸው ሣር ፍለጋ ሲገባ ከጥበቃ ጋር የሚጋጩት እነሱ ናቸው። ከፓርኩ እንጀራ የማይበላ ሰው ሳላን ለምን ይጠብቃል?

ጓደኛችን እስከ ዛሬ "ሳላ ነበረች" ትላለች። ሦስታችን ፍየል ናት ብለን ቡና አስይዘናል። ወርደን እስክናጣራ ድረስ ቡናውን ማንም አልጠጣም።