«ካሜራ እኮ የለውም»

የዋይፋይ ሞገድ ሰውን መከታተያ ይሁን የሚሉ ተመራማሪዎችና ነጋዴዎች አንድ ማባበያ አላቸው፦ ካሜራ የለውምና ገመናችሁ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2022 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከተራ ራውተር በሚወጣ ሞገድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎችን የአካል ቅርጽና አቋቋም ኮምፒውተር ላይ ሲያወጡ፣ ዘዴው ግላዊነትን ይጠብቃል ብለው ነበር። እኔን የሚያበግነኝ ይኸው ነው።

ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሞገዱ ሲያገኘን ከፊሉ ይዋጣል፣ ከፊሉ ይነጥራል። ተቀባዩ አንቴና ይህን ለውጥ ይለካል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ደግሞ የሞገዱን ለውጥ ከካሜራ ምስል ጋር እያስተያየ ስለተማረ የቱ ክንድ፣ የቱ ጉልበት እንደሆነ ይገምታል። (ካሜራ የለውም የተባለለት ነገር አስተማሪው ካሜራ መሆኑን ልብ ይሏል።)

እርግጥ የሚወጣው ፎቶግራፍ አይደለም፤ ባልተማረበት ክፍል ሲሞከርም ይሳሳታል። ፊት አልታየም ማለት ግን ማንነት አልታወቀም ማለት አይደለም። በ2025 የጀርመኑ የካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ197 ሰዎች ላይ ሞክረውታል። ስልክና ላፕቶፕ ለራውተሩ ሳይመሰጠር የሚልኩትን የሲግናል መረጃ ብቻ አንብበው ማን ማን እንደሆነ 100 በመቶ በተጠጋ ትክክለኛነት ለይተዋል። ሰውየው ስልኩን ቤቱ ትቶ ቢወጣም አያመልጥም፤ በዙሪያው የሌሎች ሰዎች ስልክ ካለ ይበቃል።

ካሜራ ቢያንስ ይታያል። ጨርቅ ጣል ይደረግበታል፤ ማነው የሰቀለው ተብሎ ይጠየቃል። ሞገድን ማን ይጠይቀዋል? ባለቤቱ ቢፈቅድ እንኳ ቡና ልትጠጣ ጎራ ያለችው ጎረቤት፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ጀርባ የምትተኛው ሠራተኛ መቼ ፈቀዱ?

ሕግ አለ ይባል ይሆናል። በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካይሎ ጉዳይ፣ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የቤትን ሙቀት ከውጭ ሆኖ በመሣሪያ ማየቱ ሕገ ወጥ ነው ሲል 5 ለ4 ወስኗል። ዳኛ ስካሊያ የጻፉት ውሳኔ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የተወው፤ የሚከለክለው ሕዝቡ በሰፊው የማይጠቀምበትን መሣሪያ ነውና። ዛሬ ራውተር የሌለው የአሜሪካ ቤት የት ይገኛል?

ኩባንያዎቹም አልተኙም። የአሜሪካው የኢንተርኔት አቅራቢ ኮምካስት በራውተር የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ የሚጠቁም አገልግሎት አለው። ደንበኛው ካላበራው አይሠራም፤ ይህ ይመስገን። ያበራ ሰው ግን ውሉን ያንብብ፦ ከዚያ የተገኘ መረጃ ከፖሊስ ምርመራ ጋር በተያያዘ፣ ለደንበኛው ሳይነገር፣ ለሦስተኛ ወገን ሊሰጥ ይችላል ይላል።

በዋይፋይ እንቅስቃሴ የመለየት ዓለም አቀፍ ደረጃ በ2025 ጸድቋል፤ ራውተሮቹ በገፍ መምጣታቸው አይቀርም። እንግዲያው መሣሪያዎቹ የሚለዋወጡት የሲግናል መረጃ ይመስጠር፤ ፖሊስም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ይምጣ። ይህ እስኪሆን ድረስ ግላዊነትን ይጠብቃል የሚለውን ማስታወቂያ ይተዉልን።